ያልተነካው ዳቦ

የሰፈራችን ሰው ለባለቤቴ ማሳከሚያ ገንዘብ ሊያሰባስብ ከደብረ ታቦር ጣና ዳር ወርዶ ሩጫ አዘጋጀ። ልጄ ሮጣ ስትመለስ ቦርሳዋን ብከፍተው የሐይቁ ጭቃ ሸተተኝ፤ የቋጠርኩላት ዳቦ አልተነካም።

እኔም በልጅነቴ ለወንድሜ መታከሚያ እዚያው ሐይቅ ዳር ሮጫለሁ። እሱ እስኪድን እህል አልቀምስም ብዬ ተስዬ ነበርና መሐል ላይ ወደቅሁ። የንስሐ አባታችን ውሃ ረጩኝና፣

«አንቺ ከሲታ፣ ማን ጹሚ አለሽ?» አሉኝ።

«ስለት ነው፣ አባ።»

«እግዜር ወንድምሽን ለመማር ያንቺን ምሳ ይጠብቃል? በይ ጉረሺ!»

ከስንቃቸው ቆርሰው አጎረሱኝ። እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

ወንድሜ ግን አልዳነም። ያን ጉርሻ ባልበላው ኖሮስ? እላለሁ እስከ ዛሬ።

ልጄ ደጃፍ ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች። ዳቦውን ይዤ ወጣሁ፤ «ብዪ» ማለት ግን አቃተኝ።