የግራው ወንበር

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የሰው መኪና መጣል ነበር። መጣል ስል ገደል መስደድ አይደለም፤ በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ አርባ ሁለት ጥያቄ ያለበት ቅጽ ይዤ፣ «ይህ አያልፍም» ማለት ነው። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ የቀረው «አያልፍም» እያለ ይጠራኛል። ድግስ ቤት ስገባ ባለ ታክሲዎች ተነሥተው ወንበር ይቀይራሉ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሸሸኝ የተከበርኩ ይመስለኝ ነበር። ሞኝነት መሆኑ የገባኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።

መርማሪ ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል መከራው ለቤተሰብ ነው። የመጀመሪያውን ወር የበሮቹን ማጠፊያ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧና የባለቤቴን የልብስ ስፌት መኪና ስመረምር ከረምኩ። ሁሉም ወደቁ። በሁለተኛው ወር ባለቤቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና በሸራ የተሸፈነውን ነገር ገልጣ፣ እንግዲህ እዚህ ላይ እንደ ልብህ ሁን አለችኝ።

ከሸራው ሥር ያለችው የአባቷ መኪና ነበረች፤ የእንግሊዝ ሥሪት፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና። አማቴ በጎልማሳነታቸው የአንድ መድኃኒት ነጋዴ ሹፌር ነበሩ። ነጋዴው ይህችን የመሰለች መኪና ገዛ እንጂ መንዳት አያውቅም። ስለዚህ አማቴ በቀኝ መሪዋን ይዘው፣ እሱ በግራ ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ዞሩ። ነጋዴው ሲሞት ሚስቱ መኪናዋን ለአማቴ ሰጠቻቸው፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተሯ ተበላሽቶ ቆመች።

አማቴ አሁን ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የሚኖሩትም ከእኛ ጋር ነው። ልጠግናት ነው ስላቸው አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ በግራው ወንበር መቀመጥ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም። ጣሪያው ተከፍቶ፣ ሌላ ሰው እየነዳቸው፣ ዓይናቸው ከመንገዱ ላይ ተነሥቶ ወደ ላይ ማየት ይፈልጋሉ። ስድስት ወር ይበቃኛል አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ።

አራት ዓመት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ዓመት በዝገት አለቀ። ላሜራ ሠሪው ወለሏን በጣቱ ነካ ቢያደርገው ጣቱ በወዲያ በኩል ወጣ። ቀዳዳውን በስቱኮ እንድፈነው ሲለኝ ገላመጥኩት፤ ሁሉም ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። በሁለተኛው ዓመት ከእንጨት መሪዋ እስከ ወንበሯ ቆዳ ድረስ ታድሳ እንደ ሙሽራ ቆመች። ልብ ያለው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን መኪናዋ አሮጌ መሆኗ ጥሩ ነው፣ ፍሬኗ ግን አሮጌ መሆን የለበትም ብዬ ዲስክ ፍሬን አስገባሁ። ፍሬኑ ሲበረታ ሞተሩ አነሰብኝ፤ ከአዲስ መኪና የወጣ ሞተር ገጠምኩ። ሞተሩ ሲበረታ ካምቢዮው አነሰ፤ ባለ አምስት ማርሽ ገባ። ከዚያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ፣ ማራገቢያውን የሚችል ትልቅ ባትሪ፣ ለብርድ ደግሞ ማሞቂያ። የእኔ ጥፋት ሁልጊዜ በቂ ምክንያት አለው።

ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት መኪናዋን በወግ በማዕረግ እመረምራት ነበር። ከመሥሪያ ቤት ለማስታወሻ የያዝኩት አንድ ጥራዝ ቅጽ አለኝ፤ «ለማስታወሻ» የሚለው ቃል የእኔ ነው፣ ባለቤቴ ሌላ ቃል ነው የምትጠቀመው። አማቴ ሰዓታቸውን ጠብቀው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይወጣሉ። እኔ ከመኪናዋ ሥር ብቅ እልና፣ መጀመሪያ ላይ ብየዳው ትንሽ ቀርቷል፣ ኋላ ደግሞ የቀኙ ፍሬቻ ትንሽ ይዘገያል፣ ወይም የዝናብ መጥረጊያው ይንጫጫል፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል እላቸዋለሁ። እሳቸውም እሺ ልጄ ብለው የኮታቸውን ቁልፍ እየፈቱ ይመለሳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቆመው ነበር የሚጠብቁኝ። በሁለተኛው ከዘራ መጣ። በሦስተኛው ባለቤቴ ወንበር ታወጣላቸው ጀመር፤ በአራተኛው ክንዳቸውን ደግፋ እስከ ወንበሩ ታደርሳቸዋለች። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ ስለሌለው ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበችልኝ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አለችኝ። እኔ የባትሪውን ቦታ እያሰብኩ ስለነበር ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአርባ ሁለቱ ጥያቄ አርባ አንዱን አለፈች። የቀረው የጣሪያው ሸራ ነበር፤ ውኃ ባፈስበት በግራው ጥግ አንዲት ጠብታ ጠብ አለች። ብዕሬን አወጣሁ። አማቴ በዚህ ቀን የኮታቸውን ቁልፍ አልፈቱም።

«ቅጽ ተርፎሃል?» አሉኝ።

«አለ፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኔን ሙላበት። አንዱ ዓይኔ ጠፍቷል። ጉልበቴ አይታጠፍም። ልቤን ሐኪሙ አዳምጦ ራሱን ነቅንቋል። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ የምደርስ ይመስልሃል?»

አፈርኩ። ቅጹን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና የግራውን በር ከፈትኩላቸው።

መቀመጡን ተቀመጡ። እግራቸው ግን አልገባም።

ተሳፋሪ እግሩን የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ትልቁ ባትሪ፣ የማሞቂያው ሣጥንና የማራገቢያው መቆጣጠሪያ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው በአራት በአራት ብሎን ታስረው። ያሰርኳቸው እኔው ነኝ። በመኪናዋ ውስጥ ለብሎን የሚመች ባዶ ቦታ ሆኖ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነበር። ወጣት ቢሆን ጉልበቱን እስከ አገጩ አጥፎ ይችለው ይሆናል፤ የእሳቸው ጉልበት ግን ወይ ፍንክች። አራት ዓመት ሙሉ መኪናዋን ስሞክራት ብቻዬን ነበርኩ፤ ከአርባ ሁለቱ ጥያቄም «ሰው ይቀመጥባታል ወይ?» የሚል የለም። ለአንድ ወንበር ብዬ የጀመርኩትን ሥራ ወንበሩን ዘግቼ ጨረስኩት።

ባለቤቴ በመስኮት ታየን ነበር። ትስቅብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን የመፍቻ ሣጥኔን ይዛ ወጣችና አጠገቤ አስቀምጣው ተመለሰች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ እግራቸውን በበሩ ወደ ውጭ አድርገው እንደተቀመጡ እፈታ ጀመር። ማሞቂያውን ነቀልኩ። መቆጣጠሪያውን አውጥቼ የማራገቢያውን ሽቦ በቀጥታ ገጠምኩ። ባትሪውን ከወንበሩ ጀርባ አስቀምጬ ማሰሪያ ብፈልግ ስላጣሁ በሱሪዬ ቀበቶ አሰርኩት። ስጨርስ መኪናዋ በራሴ ቅጽ በሰባት ጥያቄ ወድቃለች፤ እኔም ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ነው ዞሬ የገባሁት።

ከሰፈር ወጥተን የወንዙን ዳር መንገድ ያዝን። ጣሪያው ተከፍቷል። እሳቸው ግን ሰማዩን አላዩትም። ዓይናቸው መንገዱ ላይ ተተክሏል፤ በየመታጠፊያው ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል። ፍሬን መያዛቸው ነው፤ በእሳቸው በኩል የሌለውን ፍሬን። ርቀት ጠብቅ ይሉኛል፣ ማርሽ ቀንስ ይሉኛል፣ ያ ብስክሌተኛ አይታይህም ወይ ይሉኛል። የሚመረመር ሰው ምን እንደሚሰማው ያን ቀን አወቅሁት፤ ለካ እንዲህ ያበሳጫል። ቢሆንም ቀንስ ያሉኝን ቀነስኩ፣ ጠብቅ ያሉኝን ጠበቅሁ።

መንገዱ ከዛፎቹ ሥር ሲገባ የእግራቸው ድምፅ ቆመ። ንግግራቸውም ቆመ። የሐኪሙ ነገር ትዝ ብሎኝ ክው አልኩ፤ ለማየት ፈራሁ። ዞር ስል ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሽቅብ ያያሉ። የቅርንጫፎቹ ጥላ በፊታቸው ላይ ይሮጣል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ሳልጠይቃቸው ነፋሱ ነው አሉኝ።

ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ጌታዬ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቤ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ሲያዩ» አሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም።»

ወደ ቤት የሚወስደው መታጠፊያ ጋ ደረስን። ፍሬቻ አላበራሁም፤ ቀጥ ብዬ ነዳሁ።