አንድ ለሦስት

ቁጥር በየትም ቋንቋ ያው ነው ይባላል። አይደለም። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አምቦ ለከፈተችው የልብስ ሱቅ ማዘዣ ስታዘጋጅ «ላርጅ ለሚዲየም፣ 1 ለ 3» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ከእጇ ነጠቅኋት።

«ጋሼ፣ ምን ሆንክ?»



በደርግ ጊዜ፣ ትምህርት እንደጨረስኩ፣ እዚያው አምቦ የአንድ መጋዘን ጸሐፊ ነበርኩ። ሸነን አጠገብ አንድ መንደር ተቃጠለና ሰዉ ክረምቱን በዳስ ሊገፋ ሆነ። ለሁለት መቶ ነዋሪ ሁለት መቶ ሹራብ እንድልክ ታዘዝኩ። በአንድ አዋቂ ሦስት ልጅ ስለነበር ሃምሳ ትልቅ፣ መቶ ሃምሳ ትንሽ አስጫንኩ። ማስረከቢያው ላይ ግን ይህን አልዘረዘርኩም። ማሳጠር እውቀት ይመስለኝ ነበርና «ሹራብ 200። 1 ለ 3።» ብቻ ብዬ ፈረምኩ።

በሦስተኛው ሳምንት የሸነኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ኦቦ ገለታ «ሹራቡ ተርፏል፤ ልመልሰው ወይ?» ብለው ላኩ። አለቃዬ ተደሰተ። እኔ ግን ሁለት መቶ ሹራብ ለሁለት መቶ ሰው እንዴት ይተርፋል ብዬ በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ሸነን ወጣሁ። ከጉደር በኋላ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነበር፤ ወርደን እየገፋን ደረስን።

ኦቦ ገለታ ወረቀቴን አወጡ። «እንዳዘዛችሁት ነው ያደልኩት። ቶኮ ሰዲፍ፤ አንድ ሹራብ ለሦስት ሰው።» ሦስት ጣታቸውን አሳዩኝ።

«1 ለ 3» ማለት ለማንም አማርኛ ተናጋሪ አንዱ ለሦስት ሰው ማለት ነው። በአንድ ትልቅ ሦስት ትንሽ የሚል ሌላ ትርጉም የሰጠሁት፣ ሒሳብ ተማርኩ ያልኩት እኔ ነኝ።

ኦቦ ገለታ ወደ አንዲት እናት ዳስ አስገቡኝ፤ አደ ብርቄ ይባላሉ። ትኩስ ድንች ከነልጣጩ ሰጡኝ። ሦስት ሴት ልጆች ነበሯቸው። አንዷ ሹራብ ለብሳ ቆማለች፣ ሁለተኛዋ እሳቱ ላይ ተደፍታለች፣ ትንሿ ቁርበት ስር ታስላለች።

«በተራ ነው» አሉ አደ ብርቄ። «ዛሬ የጫልቱ ቀን ነው። ኢልማኮ፣ ልጄ፣ እናንተም ከተማ ለሦስት ነው የምትለብሱት?»

የቀልድ ይሁን የምር አላወቅኩም።

የቀረውን ሹራብ የዚያኑ ቀን አደልን። ትንሿን ከእናቷ ጋር በመኪናችን አምቦ ሐኪም ቤት አወረድናት። በአራተኛው ቀን ሞተች።

አለቃዬ «ገለታ አማርኛ ስለማይገባው ነው» ብሎ ከሥራ አሰናበታቸው። የስንብቱን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ፊደል አልሳትኩም፤ አንድ ቃልም አልተነፈስኩም።

እስክሪብቶውን በነጠቅኋት ዕለት ማታ ለእህቴ ልጅ ሁሉንም ነገርኳት። «ታዲያ ለሰውየው ነገርካቸው?» አለችኝ። አልነገርኳቸውም። ቆይቼ ስጠይቅ አርፈዋል ተባልኩ። ሰው ስለ ወጣትነት ስህተቱ ሲያወራ «ልጅነት ነው» ይላል፤ ዝም ያልኩባቸው ዓመታት ግን የልጅነት አልነበሩም።

አንባቢዬ፣ በሸነን በኩል ካለፍክ የኦቦ ገለታን ልጆች ፈልግ። አባታችሁ በትክክል አንብበው ነበር በላቸው።