ነጭ ቀሚስ በፍላሽ ፊት

በሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ በተዋስነው አዳራሽ ለሐበሻ ልጆች ፊደል አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ደቡብ ሮተርዳም፣ ዙይድ ሰፈር ትኖራለች፤ ቢሮ ታጸዳለች። አንድ ቀን ልጇን ልትወስድ ስትመጣ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ አየችና፣ «መምህር፣ እስቲ ሙያህን እንየው» አለችኝ።

አዲስ አበባ ያሉት የሴትየዋ እናት ዓይናቸው እየደከመ ነው። የልጅ ልጃቸውን አንድም ቀን አላዩዋትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት ዘመድ ከአምስተርዳም ወደ አገር ቤት ስለምትበር፣ ፎቶው በእሷ እጅ መሄድ አለበት። «ሳይጨልምባቸው» አለች እናትየው።

እኔ ያገለገለ ፍላሽ ከገዛሁ ገና አንድ ወር መሆኑ ነበር። ደብተሬን በመስመር ከፋፍዬ ርቀቱን፣ የሌንሱን ቀዳዳ፣ የፊልሙን ዓይነት እመዘግባለሁ። ሁሉንም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ልጅቷ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ነጭ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ፊት ቆማለች። ፊቷ በቫዝሊን ያብረቀርቃል።

«ፊቷን ጥረጊያት፤ ቅባቱ የፍላሹን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል» አልኳት።

«አመዷ ቡን ብሎ ይዩዋት? ‹ቅባት እንኳን ነፈገቻት› ሊሉኝ?»

«በፎቶ ላይ አመድ አይታይም።»

«አንተ እናቴን አታውቃቸው!»

እየሳቀች ጠረገቻት። ከዚያ ወደ መስኮቱ አየችና፣ «ለምን ውጭ አናወጣትም? ዛሬ ሰማዩ ደህና ነው» አለች። የሆላንድ የክረምት ብርሃን ለምን እንደማይታመን፣ ፍላሽ ለምን እንደሚሻል አብራራሁላት። ረጅም ማብራሪያ ነበር። ልጅቷ መሃል ገብታ፣ «አንተ፣ አትጨርስም እንዴ?» አለችኝ።

«‹እርስዎ› በይ! መምህርሽ አይደሉም?» አለች እናቷ።

አሥራ ሁለት ጊዜ አነሳኋት።

ፊልሙ ታጥቦ እስኪመጣ ከሳምንት በላይ ፈጀ። የተረከብኩት መንገደኛዋ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ነው። ሱቁ በር ላይ ፖስታውን ከፈትኩ። የቀሚሱ ጥበብ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ግድግዳው ቁልጭ ብሏል። ፊቷ ግን ጥቁር ጥላ ነው፤ ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው። በአሥራ ሁለቱም። ግንባሯ ዳር ላይ ብቻ፣ የእናቷ ፎጣ የዘለለው ቫዝሊን ትንሽ ብርሃን ይዟል።

አሁን ሳስረዳው ቀላል ነው። እንዲህ ያለው ፍላሽ ፊት ለፊቱ ትንሽ ዓይን አለው፤ የሚመለስለትን ብርሃን ይለካና በቃኝ ሲል ይጠፋል። ነጩ ግድግዳ፣ ነጩ ቀሚስ፣ ነጩ ነጠላ ብርሃኑን ባንድ ጊዜ መለሱለት። በቃው። ለጠይም ፊት የሚሆን ሳይተርፍ ጠፋ።

ወደ ሱቁ ተመልሼ አፍክተው እንዲያትሙልኝ ለመንኩ። ሰውየው ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ዘርግቶ አየና፣ «ፊቷ ላይ ምንም የተመዘገበ የለም። የሌለውን ከየት ላምጣው?» አለኝ።

ለእናትየው አንዱን ሰጠኋት። ብዙ ቆይታ አየችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ቀሚሷ ያምራል» አለችና ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

መልሱን ከአዲስ አበባ የጻፈችው የእናትየው እህት ናት። አንድ ቅዳሜ እናትየው ደብዳቤውን ይዛ መጥታ አንዱን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ እናታቸው ፎቶውን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው፣ «ቀሚሱን አየሁት። ልጅቷስ የታለች?» ብለዋል።

ጸደይ ሲገባ እንደገና አነሳኋት። ቡናማ ብርድ ልብስ ከኋላዋ ሰቀልኩ፤ ሰማያዊ ሹራቧን ለበሰች፤ ቫዝሊኑን አልነካሁም። የፍላሹን መለኪያ ዘጋሁና ብርሃኑን በጎን ወደ ነጩ በር አዞርኩት። በሩ መልሶ ለስለስ አድርጎ ፊቷ ላይ አፈሰሰው። ሁለቱ ዓይኖቿ፣ የወለቀው ጥርሷ፣ ሳቋ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል የሰመረልኝ ፎቶ የለም።

የሚወስድ ሰው እስኪገኝ በጋው አለፈ። ሲደርስ፣ እህቷ እንደጻፈችው፣ የአያትየዋ ዓይን ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ልጆቻቸው ከበው አዩላቸው። እሳቸው «ማንን ትመስላለች?» ሲሉ አንዷ «እናቷን»፣ ሌላዋ «የለም፣ አባቷን» አለች። ሳይስማሙ ቀሩ። አሮጊቷ ሁለቱንም ሲሰሙ ቆዩና አዲሱን ፎቶ መለሱላቸው።

«የፊተኛውን ስጡኝ» አሉ፤ «እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ትራሳቸው ሥር የኖረው እሱ ነው።