«የስ ይበሉት» ያለኝ ሰው

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ሰኔ ነው፤ እዚህ ጆሃንስበርግ ብርዱ በሚጠናበት ወር። የምጽፈው ነገሩ ስላላለቀ ነው። ሰውዬው ዛሬ ጠዋትም ሰላም ብሎኛል።

ከከተማው ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ በሚባል ሰፈር ሱቅ አለኝ። ከሆሳዕና ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ያልተማረ ሰው ወረቀት ሲቀርብለት መልሱ አንድ ነው፤ «የስ»። የኪራይ ውሉንም የስደተኛ ወረቀቱንም «የስ» እያልኩ ነው የፈረምኩት። የሚያነብልኝ መስፍን ነበር፤ ከሱቄ ማዶ ኮንቴይነር ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ያገሬ ልጅ። የሰፈሩን ሐበሻ ወረቀት ሁሉ የሚያነበው እሱ ነው። ማን መቼ ዕቃ ሊያመጣ ከተማ እንደሚወርድ ሳይቀር ያውቃል።

በአርባ ሁለት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ እሁድ እሁድ እንግሊዝኛ ማንበብ መማር ጀመርኩ። ለመስፍን አልነገርኩትም። አፍሬ ነው።

ከተማ በወረድኩበት አንድ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ሸፍነው ሱቄ ገቡ። የአክስቴን ልጅ ደስታን ሆዱን በጥይት መቱት። ሐኪም ቤት ተኝቶ እያለ ጉዳዩን የያዘው ፖሊስ የሱቄን ካሜራ ቅጂ በፍላሽ አምጣ አለኝ። ካሜራውን የሸጠልኝ፣ ሜይፌር በሚባለው ሰፈር ያለው አብዲ በስልክ እየመራኝ ራሴ ገለበጥኩት። የፖሊሱ ኮምፒውተር ግን አልከፍት አለ።

«ካልተከፈተ ማንን ልከስልህ ነው?» ብሎ ፖሊሱ ፍላሹን መለሰልኝ።

ካሜራው በየሳምንቱ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀርጻል። ሳምንቱ አልፎ ነበር። ደስታን ማን እንደመታው የሚያሳይ ነገር ያቺ ጣት የምታህል ፍላሽ ብቻ ሆነች።

ወደ መስፍን ሄድኩ። ሌላ የት ይኬዳል።

ፍላሹን ሰካው። አንድ ሳጥን ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ባዶ ነው።»

«ራሴ ገልብጬበታለሁ።»

«እርስዎ?» ሳቀ። «ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው መስተካከል አለበት። ላስተካክለው ወይ እያለ ነው። የስ ይበሉት።»

ማውሱን ወደ እኔ ገፋው። እሱ አልነካም።

እጄ ልማዱ ነውና ተጫንኩ። ሌላ ሳጥን መጣ፤ ቢጫ ምልክት ያለበት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያዝኳቸው። መካከል ላይ አንድ ቃል አወቅሁ፤ እሁድ እሁድ በምጠቀምበት ላጲስ ላይ ያለውን ቃል። ኢሬዝ።

«ምን ያያሉ ጋሼ? ይጫኑት እንጂ።»

«ያጠፋዋል» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ስንት ዓመት ሲያነብልኝ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ማን ነገረዎት?»

«ፖሊሱ አስጠንቅቆኛል» ብዬ ዋሸሁት። ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

በታክሲ ሜይፌር ሄድኩ። አብዲ አገላብጦ አየው።

«አቦ፣ ፍላሽህ ጤነኛ ነው። ካሜራው የሚጽፍበትን መንገድ ዊንዶውስ አያውቀውም። የማያውቀውን ሁሉ ልደምስሰው ነው የሚለው።»

በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ አመጣና ሰካው። ተከፈተ።

የገቡትን ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው አልኩት። ከመምጣታቸው ከጥቂት ደቂቃ በፊት መስፍን ይገባል። ከደስታ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይገዛል። የጓሮውን በር ያያል፣ ቀና ብሎ ካሜራውን ያያል፣ ይወጣል።

መስፍን አያጨስም። ሽታው ራሱ ያስለዋል።

አብዲ በሁሉም ኮምፒውተር እንዲከፈት አድርጎ የገለበጠልኝን ቅጂ ለፖሊሱ ሰጠሁ። ሲጋራ መግዛት ወንጀል አይደለም አለኝ። ላይሆንም ይችላል። ደስታ ተርፏል፤ ሱቅ ውስጥ ግን ከዚያ ወዲህ ብቻውን ቆሞ አያውቅም።

መስፍን ማዶ አለ። «ጋሼ፣ ያ ፍላሽ ተከፈተ?» ይለኛል። «አልተከፈተም» እለዋለሁ። አሁንም ወረቀት ሲመጣልኝ ቤቴ አንብቤው እሱ ጋ እወስደዋለሁ። እያነበበልኝ የሚዘለውን መስመር እሰማለሁ።

ሳላነብ በኖርኩባቸው ዓመታት ስንቱን እንደዘለለብኝ አላውቅም። ትናንት መቼ ከተማ እንደምወርድ ጠየቀኝ። ሐሙስ አልኩት። ሐሙስ የትም አልሄድም።