ትከሻዬ ላይ የቀረው እጅ

ልብስ ሰፊው ጋ ተራዬን ስጠብቅ የመቀሱ ድምፅ አቦቦ ወደነበረው ቤታችን መለሰኝ።

ጋምቤላ ገና ክልል በሆነችበት ሰሞን ነበር። አባቴ በቆሎ ሊገዛ ወደ ጎግ እንደሄደ አልተመለሰም። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ቤታችን መጥቶ ፎቶ ጠየቀ። ያለን አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፏል።

«የሱን ፊት ብቻ ነው የምንፈልገው፣ እህቴ» አላት እናቴን።

እናቴ መቀስ አመጣች። ፊቱንና ደረቱን ቀስ ብላ እየቆረጠች ዞረችና ትከሻዬ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እጁ እዚሁ ይቆይ፤ መንገዱ እንዳይጠፋው» አለች። ለማን እንደምትናገር አልገባኝም።

መርማሪው ፊቱን ደረት ኪሱ ከቶ ሄደ። በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ የተካው ሰው ስለ ፎቶው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለአባቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም። እኔም ዛሬ ፊቱን አላስታውሰውም፤ እጁን ግን ከነጥፍሮቹ አውቀዋለሁ።

ተራዬ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ሊለካኝ ከኋላዬ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ቀጥ በይ፣ እህቴ።»

ቀጥ አልኩ። ብዞር የማየው የልብስ ሰፊውን ፊት ነው። አልዞርኩም።