ሱኒል ዝናቡን ሊያሳየኝ ነበር

አጅማን፣ ጎህ ሲቀድ

ከአል ራሺዲያ ሰፈር ስወጣ የሱብሂ አዛን ገና አላለቀም። ከቤታችን ሥር ያለው አፍጋን ጋጋሪ ምድጃውን አንድዷል፤ ትኩስ ኹብዝ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ጓዜ ይኸው ነው፣ አንድ ሻንጣና ዳቦ።

«አባባ፣ ስሪላንካ ዳቦ የለም ብለህ ነው?» አለች ልትሸኘኝ የወረደችው ልጄ ትዕግስት እየሳቀች።

«ይኼኛው የለም።»

ዳቦው ለሱኒል ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ በር ላይ እኔና እሱ ብዙ ዓመት ዘበኛ ነበርን። ምሳችንን ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። መጀመሪያ ያጎረስኩት ቀን ክው ብሎ ቀረ። «በእኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩለት። ከዚያ ወዲያ አንዱን ዋጥ አድርጎ፣ እንደ ወፍ ጫጩት አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ጀመር።

ወሬው ሁሉ ያገሩ ዝናብ ነበር። ሰማዩ አቧራ በለበሰ ቁጥር «አንድ ቀን ትመጣለህ፣ ዝናቡን አሳይሃለሁ» ይለኛል። ሲያረጅ አገሩ ገባ። እኔ ቀረሁ። በቀደም ልጁ ኒሉካ ደወለች። «አባቴ ሰው መርሳት ጀምሯል። የምትመጣ ከሆነ ቶሎ ና» አለችኝ። ያውቀኝ ይሆን? በልቤ ይዤ የወጣሁት ይችን ብቻ ነው።

ሻርጃ

መንገዱ ላይ መኪናው ገና አልበዛም። ሹፌሩ የፔሻዋር ሰው ነው።

«ሐጂ፣ ወዴት ነው በማለዳ?»

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሽበቴን አይቶ ነውና አላረምኩትም። «ስሪላንካ» አልኩ።

«ለሹግል፣ ለሥራ?»

«ወዳጅ ልጠይቅ።»

በመስታወቱ አየኝ። «ዋላሂ፣ ወዳጅ ሊጠይቅ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ስጭን የመጀመሪያዬ ነው!»

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሰልፉ በሙሉ ከሰው ቤት ሥራ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ሴቶች ናቸው፤ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት፣ የወተት ዱቄት። ሁሉም ይስቃሉ። እንዲህ የሚሳቀው ወደ ቤት ሲገባ ብቻ ነው።

ባቡሩ ላይ

ከኮሎምቦ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰማያዊ ባቡር ነው። አንዱን ሽማግሌ የምወርድበትን ጣቢያ ጠርቼ «ናኑ ኦያ?» ብዬ በጣቴ ባቡሩን አሳየሁት። ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። አይደለም ማለቱ መስሎኝ ሻንጣዬን ይዤ ልወርድ ስል ኮቴን ይዞ መለሰኝ። ለካ አዎ ማለቱ ነው! ሱኒል ስንት ዓመት እንዲያ እያወዛወዘ «እሺ» ብሎኛል። የረሳሁት እኔው ነኝ።

ባቡሩ እያቃሰተ ይወጣል። ከታች ሩዝ፣ ከፍ ሲል ጥድ፣ ከዚያ ሻይ፤ ኮረብታው ሁሉ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል። ቅርጫታቸውን በግንባራቸው ያንጠለጠሉ ሴቶች ሻይ ይለቅማሉ። ከገደሉ ፏፏቴ ይወረወራል። የፈረንጅ ወጣቶች በሩ ላይ ተንጠልጥለው ይጮኻሉ፤ ተራራ ሊወጡ ነው አሉ፣ ዱላና ገመድ ይዘዋል። እኛ አገር ቤት፣ ደላንታ፣ ተራራ የምንወጣው ገበያ ወይ ለቅሶ ስላለብን ነው። እነሱ እንዲያው ወጥተው ይወርዳሉ። ደስታቸው ግን ይጋባል፤ እኔም አንገቴን በመስኮት አወጣሁ። ንፋሱ የደላንታ ሐምሌ ሸተተኝ።

የሱኒል ቤት

ኒሉካ በባጃጅ ተቀበለችኝ፤ ኪራዩ አምስት መቶ ሩፒ። አረብ አገር፣ ጁሜይራ፣ ሰው ቤት ስለሠራች አረብኛዋ ከእኔ ይሻላል። ዝናቡ ይወርዳል። ደሳሳ ቤት፣ በረንዳ፣ በረንዳው ላይ ሱኒል።

ፈገግ አለልኝ። ለማንም እንግዳ የሚሰጥ ፈገግታ ነው። ኒሉካ በጆሮው ነገረችው። ደግማ ነገረችው። እንዲያው አየኝ።

ምሳ ቀረበ፤ ሩዝ፣ ምስር፣ በበርበሬ የተደቆሰ ኮኮናት። እነሱም በእጅ ነው የሚበሉት። ዳቦዬን ፈታሁ። ደርቋል። ቆርሼ ምስሩ ውስጥ ነከርኩና አጎረስኩት። በዝግታ አላመጠ። ዋጠ።

ከዚያ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ።

«ባባ!» አለችኝ ኒሉካ፣ «ለእኛ እንዲህ አድርጎ አያውቅም!»

ሁለተኛውን ደገምኩለት። ስሜን አልጠራም። ግን አረብኛው መጣለት። «በሩ ላይ ማን አለ?» አለኝ።

«ሱኒል፣ ተወው በሩን። ዝናቡን እየው። አሳይሃለሁ ያልከኝ ይኼ አይደል?»

ዞርም አላለ። «የጥበቃ ተራችን አለፈ። ያላ፣ አጅማን እንሂድ።»

እዚያ ሳለ ይህን ዝናብ ሲናፍቅ ኖረ። ዛሬ ከዝናቡ ሥር ተቀምጦ የአጅማንን በር ይናፍቃል። እኔስ በተራዬ ስረሳ የቱን እጠይቅ ይሆን፣ ደላንታን ወይስ ያንን በር? ትዕግስትን አሰብኳት፤ መልሱን የምትሰማው እሷ ናት።

የሰነበትኩበትን ቀን ሁሉ እንዲሁ ስለ በሩ ጠየቀኝ። ስሰናበተው ጆሮው ሥር ጎንበስ አልኩ። «አንተ ተኛ። በሩ ላይ እኔ አለሁ።»

«ኸላስ» አለ፣ በቃ እንደ ማለት። ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። አሁን ገባኝ።

አጅማን፣ መመለሻ

ከሻርጃ ስወጣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። ታክሲው ቤታችን ደጅ አወረደኝ። እኔ ግን መንገዱን ተሻገርኩ። የድሮው የፕላስቲክ ወንበር እዚያው በሩ አጠገብ ነው። እኛን የተካው አዲሱ ዘበኛ ሻንጣዬን አየ።

«ባባ፣ ቤትህ እኮ በዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። «አንተ ሻይህን ጠጣ። ተራው የእኔ ነው።»