አበልጄ የመረጠልኝ የፖሊሽ ማሽን

እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ አዲሱን የፖሊሽ ማሽኔን እንደ ሕፃን ታቅፌ አበልጄ ጌታሁን ግቢ ውስጥ ጥቁሯ መኪናው ፊት ቆሜያለሁ። ደስታዬን ብታዩት... ልጄን የምድር ነበር የምመስለው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም። እኔ ሸጎሌ መንገድ ዳር ትንሽ ላቫጆ አለችኝ። መኪና እናጥባለን፣ ወንበር እናጸዳለን፣ በቃ። «ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጭረቱን አጥፉልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ግን «ዊንጌት ጋ ጌታሁን የሚባል ባለሙያ አለ» ብዬ እልካለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ስልክለት ኖርኩ! ጌታሁን ሥራው መኪና ፖሊሽ ማድረግ ነው። ለእኔ ደግሞ የልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ልጄን በአርባ ቀኑ ታቅፎ ክርስትና ያነሣልኝ እሱ ነው።

ዘንድሮ ታዲያ «ለምን ራሴ አልሠራውም?» አልኩና ማሽን ልገዛ ቆረጥኩ። እኛ ሰፈር ደግሞ የማያውቁትን ዕቃ ብቻ ሄዶ መግዛት የለም፣ የሚያውቅ ሰው ይዞ ነው የሚኬደው። ከጌታሁን የበለጠ ማን ያውቃል? ነገርኩት። «እሺ አበልጄ፣ እኔ እመርጥልሻለሁ» አለኝ።

መርካቶ አንድ ሱቅ ገባን። ሻጩ ሁለት ማሽን አወጣ። አንዱ ቀለል ያለ ነው፤ እጀታው ላይ ፍጥነት የሚቀንሱባትና የሚጨምሩባት ትንሽ መዘውር አለችው፣ ሲነሣም ቀስ ብሎ ነው። ሌላው ከባድ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ። ሻጩ ቀለል ያለውን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ማዘር፣ ለጀማሪ ይሄ ነው የሚሻልዎት» ሲል ጌታሁን አቋረጠው። መዘውር ያለው ዕቃ ቶሎ ይበላሻል፣ እሷ የምትፈልገው ጉልበት ያለው ነው አለ። ሻጩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየና ትከሻውን ሰበቀ። እኔ ከባዱን ተሸክሜ እየተፍለቀለቅኩ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ራሱ ጌታሁንን ሁለቴ መርቄዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ለሰኞ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፣ ሙሽራዋ የምትሄደውም በራሳቸው መኪና ነው፣ ሌላ የላቸውም። «አደራ» ብለውኛል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ማሽኑ በመረጠልኝ ሰው መኪና ይመረቅ አልኩ፣ በነፃ፣ ለክብሩ። ጌታሁን ሰበብ ደረደረ። አንዴ መኪናዋ ጋራዥ ናት፣ አንዴ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ አንዴ «እሷ እኮ ንጹህ ናት፣ ምን አለፋሽ» ይለኛል። ትሕትና መሰለኝ... እኔ ሞኟ።

ስለዚህ እሁድ እሱ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ እያለ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ አስናቀች ደስ ብሏት ዲቫይደሩን ራሷ ከሳሎን ድረስ ዘረጋችልኝ። ስፖንጁ ላይ ፖሊሹን ቀባሁ፣ ሶኬቱን ሰካሁ፣ ኮፈኑ ላይ ላሳርፈው ጎንበስ ስል...

የግቢው በር ተበረገደ። ጌታሁን ነጠላው መሬት እየጠረገ ሮጦ መጣና ሶኬቱን ነቀለው። ለካ አስናቀች ደስታዋን መያዝ አቅቷት ደውላለት ኖሯል።

«አበልጄ፣ በማርያም፣ እሱን እንዳታስነሺው» አለኝ እያለከለከ።

«ምነው፣ ለጋሽ ታደሰ መኪና ሆኖ ላንተ አይሆንም እንዴ?» አልኩት። እየሳቅኩ ነው እኮ ያልኩት፣ ምንም አልጠረጠርኩም።

እሱ ግን አልሳቀም። መሬት መሬቱን እያየ ማሽኑ ፍጥነቱ እንደማይቀነስ፣ ላልለመደ እጅ ቀለሙን አቃጥሎ ቆርቆሮውን እንደሚያወጣው ነገረኝ።

አስናቀች ናት የቀደመችኝ። «ታዲያ ለእሷ ማን መረጠላት?» አለችው።

በመጨረሻ የሆዱን ተነፈሰው። ግማሹ ደንበኛው ከእኔ ዘንድ የሚላክ ነው፤ እኔ ከጀመርኩ ማን ይመጣለታል? አንድ ሁለት መኪና ካበላሸሁ ደንግጬ እተወዋለሁ ብሎ ነው።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የታየኝ የጋሽ ታደሰ ልጅ ናት፤ በቬሎዋ፣ ኮፈኑ የተላጠ መኪና ውስጥ። እኔን ደግሞ ሰፈሩ ዕድሜ ልኬን በዚያ ሲያነሣኝ። ያንን የመረጠልኝ እጅ ልጄን ያቀፈው እጅ ነው እኮ።

«አትጀምሪብኝ ብትለኝ እተወው ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እተወው ነበር።

ሰኞ ሌሊቱ በደንብ ሳይነጋ አስናቀች ባሏን አስከትላ ደጄ ከች አለች። መርካቶ ሄድን። ማሽኑ አንዴም ስላልዞረ ሻጩ በባለ መዘውሩ ቀየረልኝ። «ብዬዎት ነበር» አላለኝም፣ ዓይኑ ግን ብሎኛል። ከሰዓት በኋላ ጌታሁን አጠገቤ ቆሞ አሳየኝ። ስፖንጁ ቀለሙን ሳይነካ አታብሪው፣ አንድ ቦታ ላይ አትቆዪ፣ ጠርዙ ላይ እጅሽን አቅልይ አለኝ። ማታ ጋሽ ታደሰ መጥተው ኮፈኑ ላይ ፊታቸውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። እኔም በቃ፣ ሆዴ ራራ።

«በል እንግዲህ አበልጄ፣ ያንተንም መኪና በአዲሱ ማሽን እንመርቃት» አልኩት።

እጁን ኪሱ ከትቶ የመኪናውን ቁልፍ ጨበጠና «ሌላ ጊዜ» አለኝ።

ጉድ እኮ ነው... የተከዳሁት እኔ፣ ሰው ማመን ያቃተው እሱ።